ማሽኑ ለምን ይጮኻል?

ጎረቤት ሲማረር፣ ሠራተኛ ራስ ምታት አላስቀምጥ ሲለው፣ የሆቴል እንግዳ በእኩለ ሌሊት ክፍል ቀይሩልኝ ሲል ከባለንብረቱ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ድምፁን በምን እንዝጋው?» የሚል ነው። መልሱም ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ግንበኛው በብሎኬት እንጠረው ይላል። አናጺው ስፖንጅ እንለጥፍበት ይላል። ሌላው የሙዚቃ ስቱዲዮ ውስጥ ያየውን የእንቁላል ካርቶን ይዞ ይመጣል። የፋብሪካው አስተዳደር ደግሞ የጆሮ መድፈኛ ገዝቶ ለሠራተኛው ያድላል። ሁሉም በቅን ልቦና የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚነሳው ድምፁ ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ የምከራከረው ጥያቄው ራሱ ከመነሻው ተሳስቷል ብዬ ነው። መቅደም ያለበት «ማሽኑ ለምን ይጮኻል?» የሚለው ነው። የአብዛኞቹ የአየር መሳቢያዎች፣ ጄኔሬተሮች፣ ኮምፕሬሰሮችና ወፍጮዎች ጩኸት የማሽኑ የተፈጥሮ ዕጣ ሳይሆን ሲገዛ፣ ሲተከልና ሲጠገን የተሠራ ስህተት ነው። ስህተቱን የሚያርመውም ጆሮውን የሚደፍነው ሠራተኛ ወይም መስኮቱን የሚዘጋው ጎረቤት ሳይሆን ማሽኑን የገዛውና ያስተከለው ሰው መሆን አለበት።

ስለ ድምፅ ብክለት ስናወራ ቶሎ ትዝ የሚለን ጭፈራ ቤቱ፣ ሙዚቃ ቤቱና ድምፅ ማጉያው ነው። በእነሱ ላይ ይጻፋል፣ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ደንብ አስከባሪም ይላካል። ማሽን ግን ከወቀሳ ነፃ ሆኖ ኖሯል፤ ማሽን ሥራ ነውና፣ ሥራም እንጀራ ነውና። ገጠር ያደገ ሰው የወፍጮ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እህሉ ዛሬ ተፈጭቶ እንደሚያድር ያውቃል። ከተሜውም መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሲነሳ የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ እንዳልቆመ ይረዳል። ይህ ክብር ለማሽኑ ይገባዋል። ጥፋታችን ለሥራው የሰጠነውን ክብር ለጩኸቱም መስጠታችን ነው። ሲበዛም የሚጮኽ ማሽን ጉልበታም ነው፣ ጸጥ ያለ ማሽን ደካማ ነው የሚል እምነት ይዘናል። ይህ እምነት ሐሰት ነው፤ ለዚህም ብዙ ሰው በጆሮው፣ በእንቅልፉና በልጁ ትምህርት እየከፈለ ነው።

«ለምደነዋል»

መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ከዕቃው በፊት የሚቀበለው የመዶሻ ድምፅ ነው። አሮጌ በርሜል ተተርትሮ ይዘረጋል፣ ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ ሌላው የጣለው ብረት ምድጃ ሆኖ ይወጣል። እጃቸው የተባረከ ሰዎች ናቸው። ሲነጋገሩ ግን ልብ ብሎ ላያቸው፣ አንዱ ሌላውን የሚሰማው አፉን እያየ ነው። አላስቸገራችሁም ወይ ቢባሉ መልሳቸው «ለምደነዋል» ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከ300 ዓመት በፊት ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ የቬኒስ ባለሙያዎች መስማት እየተሳናቸው እንደሚሄዱ መዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው ሐኪም የቦይለር ሠራተኞችን መርምሮ ጆሮው ሙሉ ጤነኛ የሆነ ሰው ማግኘት አልቻለም። እነዚያም ሠራተኞች ለምደውት ነበር። ጆሮ ግን ጩኸትን አይለምድም፤ የሚሆነው መስማት ማቆም ነው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ አእምሮ የሚልኩት ፀጉር መሰል ሴሎች በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ያህል ናቸው፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀድመው የሚሞቱት ደግሞ በ4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ ሰውየው እንደተናገርክ ይሰማል፤ ምን እንዳልክ ግን አይለይም፤ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ይጠፉበታል። ቡና ላይ ቀልድ ሲነገር ሰው ከሳቀ በኋላ ይስቃል፤ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ ቤተሰቡ አኩራፊ ሆነ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ የመስማት ችሎታቸው በተለያየ ደረጃ የቀነሰባቸውን ሰዎች 1.5 ቢሊዮን ያህል አድርጎ ገምቷል። ሁሉም የማሽን ሰለባዎች አይደሉም። ከጩኸት የሚመጣው ድርሻ ግን ሊቀር ይችል የነበረ ስለሆነ ያንገበግባል።

ዴሲቤል የሚባለው መለኪያ ብዙ ሰው የሚያሳስተው እንደ ኪሎና እንደ ሜትር ስለማይደመር ነው። አንድ ወፍጮ 90 ዴሲቤል ቢሰጥ፣ እኩያው ሌላ ወፍጮ ጎኑ ሲነሳ 180 አይሆንም፤ 93 ይሆናል። 3 ዴሲቤል ጨመረ ማለት ወደ ጆሮ የሚገባው ጉልበት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የአሜሪካ የሙያ ደኅንነት ተመራማሪዎች የሚመክሩት ለ8 ሰዓት ሥራ ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ ነው። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የሽመና ማሽኖች ረድፍ የቆሙበት አዳራሽ ወይም መፍጫው የተበላ ወፍጮ ቤት በቀላሉ ከ90 በላይ ይወጣል። «ትንሽ ነው የጨመረው» የሚለው አባባል ስለዚህ አደገኛ ነው። የተስፋው ወገንም እዚያው አለ፤ 6 ዴሲቤል የቀነሰ ባለሙያ በሠራተኛው ጆሮ ላይ ያረፈውን ጫና ወደ ሩብ አወረደ ማለት ነው።

ጉዳቱ በጆሮ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1975 አርሊን ብሮንዛፍት የተባለች የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባዋ ጋር በኒው ዮርክ ማንሃተን ባቡር በድልድይ ላይ አጠገቡ የሚያልፍበትን አንድ ትምህርት ቤት አጠናች። በሐዲዱ በኩል ባሉ ክፍሎች የሚማሩት ልጆች፣ ጸጥ ባለው ወገን ካሉት እኩዮቻቸው በንባብ ወደኋላ ቀርተው ተገኙ፤ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ልዩነቱ የአንድ ዓመት ትምህርት ያህል ሆነ። ይህን ታሪክ የምወደው ግን በቀጣዩ ክፍል ነው። ልጆቹ ጆሯቸውን ይድፈኑ አልተባለም። ሐዲዱ ሥር ጎማ ገባ፣ የክፍሎቹ ጣሪያም ድምፅ በሚመጥ ነገር ተሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ተከታይ ጥናት ልዩነቱ መጥፋቱን አሳየ። በአገራችን የብረታ ብረት ቤትና የትምህርት ቤት አጥር ተደጋግፈው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ግራይንደሩ ሲነሳ መምህሩ ንግግሩን አቁሞ የሚጠብቅባቸው ደቂቃዎች ተደምረው የትምህርት ጊዜ መሆናቸውን የሚቆጥር ግን የለም።

ጩኸቱ የሚፈጠርበት ቦታ

ከአየር መሳቢያው ልጀምር፤ ነገሩ ከሁሉ የተሻለ የሚታየው እዚያ ነው። አንድ ምግብ ቤት የኩሽናውን ጭስ የሚስብ ፋን ሊያስገባ ሲነሳ ነጋዴውም ገጣሚውም «ለማንኛውም ከፍ ያለውን እናድርገው» ይላሉ። ፋኑ ይመጣል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ይስባል፤ ኩሽናው ነፋስ በነፋስ ይሆናል። ከዚያ የአየር መተላለፊያው ላይ ያለው ክዳን ግማሽ ተዘግቶ አየሩ ይታነቃል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየዞረ መንገዱ ተዘግቶበታል፤ በጠባቡ የሚያልፈው አየር ያፏጫል፣ ላሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ጣሪያው ላይ ያለው አፍ ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት ያጉረመርማል። መሐንዲሶች የሚያውቁት ሕግ ግልጽ ነው፤ የፋን ድምፅ ከዙሩ ጋር እጅግ በፍጥነት ይጨምራል። ዙሩን በ20 በመቶ ብንቀንሰው ድምፁ በ5 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ በግማሽ ብንቀንሰው በ15 ያህል ይወርዳል። የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ከዙሩ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚሄድ ያው 20 በመቶ ፍጆታውን ወደ ግማሽ ያደርሰዋል። ክዳኑን ከፍቶ የሞተሩን ዙር በኢንቨርተር ማውረድ፣ ወይም በቺንጋ የሚሠራ ከሆነ የፑሊውን መጠን መቀየር፣ ኩሽናው የሚፈልገውን ያህል አየር እየሳበ ጎረቤትንም ያሳርፋል፣ የመብራት ሂሳብንም ይቀንሳል። ከዚህ በተጨማሪ ገጣሚዎች ቦታ ለመቆጠብ ፋኑን ከመታጠፊያው ክርን ሥር ይለጥፉታል። አየሩ ተዛብቶ ወደ ፋኑ ሲገባ እያንዳንዱ ክንፍ ይመታዋል፤ ያ የማያቋርጥ ወጥ እዝዝታ ከዚያ ይወለዳል። በክርኑና በፋኑ መካከል ጥቂት ቀጥ ያለ መተላለፊያ ቢተው ብዙው ነገር ይሻሻል ነበር።

ጄኔሬተር ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የጭስ ማውጫውን ነው፤ ልክ ነው፣ ማርሚታው ከዛገና ከተበሳ ሰፈር ያውካል። ነገር ግን በሕንፃ ውስጥ የሚኖረውን ሰው እንቅልፍ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በአየር የመጣ ድምፅ ሳይሆን በኮንክሪቱ የመጣ ንዝረት ነው። የክራር ገመድ ለብቻው ቢነካ እምብዛም አይሰማም፤ የሚያሰማው ገበቴው ነው። ጣሪያ ላይ በቀጥታ የታሰረ ማሽንም ሕንፃውን በሙሉ ገበቴ ያደርገዋል፤ ሦስት ፎቅ ወርዶ ያለ ሰው ግድግዳው ሲዘምር ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። የዚህ መድኃኒቱ ማሽኑን ከወለሉ መለየት ነው። አሠራሩ ግን ብልሃት ይጠይቃል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ትልልቆቹ ጄኔሬተሮች በደቂቃ 1,500 ይዞራሉ፤ በሰከንድ 25 ማለት ነው። ሥሩ የገባው ጎማ በማሽኑ ክብደት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚጎብጥ ከሆነ ያን ንዝረት የሚያስቀረው ጥቂት ነው። ከዚያም የጠነከረ ከሆነ ጭራሽ ሊያጎላው ይችላል። 25 ሚሊ ሜትር የሚጎብጥ የብረት ሞላ ግን በስሌት ከመቶ 2 እጅ እንኳን አያሳልፍም። ሌላው ስህተት ዓይን ላለው ሰው ወለል ብሎ የሚታይ ነው። ጎማው በሥርዓት ገብቷል፤ ነገር ግን ብሎኑ ጎማውን በስቶ፣ ማሽኑን ከኮንክሪቱ ጋር አጥብቆ ይዞታል። ንዝረቱ በብሎኑ በኩል እንዳለ ይወርዳል። የጎማው ዋጋ ተከፍሏል፤ ጥቅሙ ግን የለም። የውኃ ቧንቧውና የጭስ ቱቦው ያለ ፍሌክሲብል መገጣጠሚያ ግድግዳው ላይ ከታሰሩም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

አነስተኛ ቤንዚን ጄኔሬተር የሚገዙ ሱቆችም አንድ ነገር ቢጠይቁ ይጠቀማሉ፤ ስንት ዙር ነው? ብዙዎቹ በደቂቃ 3,000 ስለሚዞሩ ከባለ 1,500ው ይልቅ ይጮኻሉ፣ ቶሎም ያረጃሉ። «ሳይለንት» የሚለው ጽሑፍም ያለ ርቀት የተጻፈ ቁጥር ካለው ፋይዳ የለውም፤ አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚለኩት በ7 ሜትር ላይ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ሁለት ግድግዳ መካከል ባለ ጠባብ ቅያስ ግን ያን ያህል አይወርድም። የእኛ ጄኔሬተሮች ደግሞ አብዛኞቹ የቆሙት እንዲህ ባለ ቅያስና በእግረኛ መንገድ ዳር ነው።

ስለ እንቁላል ካርቶንና ስለ ብሎኬት ግንብ አንድ ነገር መባል አለበት። ድምፅን መምጠጥና ድምፅን ማገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ካርቶንና ስፖንጅ ክፍል ውስጥ የሚስተጋባውን ቀጭን ድምፅ በጥቂቱ ያለዝባሉ፤ ቀላል ስለሆኑ ግን ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን አያግዱም፣ በጄኔሬተር ወፍራም ጉርምርምታ ላይማ ምንም አቅም የላቸውም። እሳት ቢነሳ ደግሞ ማገዶ ናቸው። የሚያግደው ክብደት ነው፤ ግንብ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከግድግዳው ስፋት 1 በመቶ ያህል ቀዳዳ ካለ ግንቡ ምንም ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ አይቀንስም። 10 በመቶ ክፍት ከሆነ 10 ብቻ ነው። ጄኔሬተር ደግሞ አየር ካላገኘ ይቃጠላልና መስኮት ይተውለታል፤ ድምፁም በመስኮቱ ይወጣል። አየር ይግባ፣ ድምፅ ግን አይውጣ ከተባለ መተላለፊያው መታጠፍ፣ ውስጡም ድምፅ በሚመጥ ሱፍ መሸፈን አለበት። ይህ ግንበኛ ብቻውን የሚሠራው አይደለም።

የተጨመቀ አየርን በአጭሩ ላንሳ። በጋራዥና በፋብሪካ ብናኝ ማራገፊያ ሆኖ የሚለቀቀው የኮምፕሬሰር አየር ከብዙ ሞተሮች በላይ ጆሮ ይበሳል። እንግሊዛዊው ጄምስ ላይትሂል እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳየው ተገፍቶ የሚወጣ አየር የሚያሰማው ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር በስምንተኛ ደረጃ ይጨምራል። ፍጥነቱን በግማሽ ማውረድ ከ20 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ግፊቱን ዝቅ ማድረግና አፉ ላይ ተገቢውን ሳይለንሰር መግጠም ከሁሉም የሚረክስ እርምጃ ነው።

የጆሮ መድፈኛው ክርክር

ከእኔ ጋር የማይስማሙ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ ማሽኑን መቀየር ዓመታት ይፈጃል፣ ሠራተኛው ግን ዛሬ እየደነቆረ ነው፤ የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፣ ዛሬውኑ ይታደል። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ምናለሽ ተራ መዶሻ የያዘ ሰው ነገ ጸጥ ያለ መዶሻ አያገኝም፤ ዛሬ ጆሮውን ይሸፍን። የማልቀበለው ይህ መፍትሔ ተብሎ ፋይሉ ሲዘጋ ነው። ስሌቱን እንየው። ካርቶኑ ላይ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል ተብሎ የተጻፈበት መሸፈኛ ከ8 ሰዓቱ ውስጥ ለ48 ደቂቃ ብቻ ቢወልቅ፣ በቀኑ ሙሉ የሰጠው ጥበቃ ወደ 10 ዴሲቤል ያሽቆለቁላል። የቀኑን ግማሽ ከወለቀ 3 ብቻ ይቀራል። ሰው ደግሞ ያወልቀዋል፤ ያልበዋል፣ አቧራና ዘይት ይነካዋል፣ አለቃው ሲጠራው መስማት አለበት፣ ማሽኑ ድምፁን ሲቀይር ማወቅ አለበት። ጎበዝ ሠራተኛ የማሽኑን ሕመም የሚያውቀው በጆሮው ነው። የጥበቃውን ሸክም በሙሉ እሱ ላይ ጥሎ፣ ሲደነቁር «መድፈኛህን አላደረግህም» ማለት ፍትሕ አይደለም። ከምንጩ የተቀነሰ 10 ዴሲቤል ግን ሰው አደረገ አላደረገ፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ መድፈኛ ያልታደለውን ጎረቤትም ይጠብቃል።

ሁለተኛው ወገን የሚያነሳው ከድህነት ነው። መጀመሪያ ሥራ ይኑር፣ መብራት ይኑር፣ ጸጥታው ቀስ ብሎ ይመጣል ይላል። ይህ ክርክር ሁሌም ያሳስበኛል፤ አንድ ወፍጮ ይዞ አምስት ልጅ የሚያሳድግን ሰው በቅጣት ማዘጋት ጭካኔ ነውና። ብዙ የጸጥታ ጠበቆች ለዚህ «ጩኸት የባከነ ጉልበት ነው፤ ብትቀንሰው ታተርፋለህ» ብለው ይመልሳሉ። ቃል በቃል ከተወሰደ ትክክል አይደለም። ጆሮ የሚያደነቁር ማሽን እንኳን በድምፅ መልክ የሚያወጣው ኃይል ከአንድ ዋት እምብዛም አያልፍም፤ ያን ቢያስቀሩት የሚተርፍ ገንዘብ የለም። እውነቱ ሌላ ነው፤ ጩኸቱ የሌላ ብክነት ጠቋሚ ነው። የተበላ ኩሽኔታ ይጮኻል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ዘንጉን ይዞ ይሞታል። የላላ ቺንጋ ያፏጫል፣ ጉልበትም ይበላል። ሚዛኑ የጠፋ የወፍጮ መዶሻ ቤቱን ያንቀጠቅጣል፣ ዱቄቱንም ያበላሻል። ታንቆ የሚዞር ፋን ያጉረመርማል፣ የመብራት ሂሳቡንም እጥፍ ያደርጋል። ድሃ አገር ይህን ሁሉ የመክፈል አቅም ያንሰዋል እንጂ አይበዛለትም። ማርሚታና ሞላ በኋላ ማስገባት ገንዘብ ያስወጣል፣ አልክድም። ሲገዛና ሲተከል አስቦ ማድረግ ግን ከጠቅላላው ወጪ ጥቂቱ ነው።

ሦስተኛው መልስ «ከከተማ ይውጡ» የሚል ነው። ለብረታ ብረት ቤቶችና ለወፍጮዎች የተለየ ቦታ ማዘጋጀት ለጎረቤት እፎይታ ይሰጣል፤ ለሠራተኛው ግን ምንም አይለውጥም። እንዲያውም አሥር ወርክሾፕ በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ሲታጨቅ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ጆሮ የአሥሩንም ድምፅ ይቀበላል። ጄኔሬተርን፣ የሆቴል ማቀዝቀዣንና የኩሽና ፋንን ደግሞ ወደ የትም መላክ አይቻልም፤ ሰው ባለበት ነው የሚፈለጉት። ከተማችን ወደ ላይ እያደገች ነው፤ መኝታ ቤትና የማሽን ክፍል በአንድ ሕንፃ ውስጥ መኖራቸው እየበዛ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም።

ሕጉ ቀድሞን ሄዷል

ጥያቄው አዲስ ነው የሚል ካለ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አንቀጽ 1225 ይመልከት። ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ንዝረትን ለብቻው መጥቀሱ ያስደንቀኛል፤ ሕጉ ሲወጣ በየጣሪያው ላይ ማሽን አልነበረም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ድምፅን ደረጃ ከሚወጣላቸው ጉዳዮች ውስጥ አስገብቷል። በደረጃው መሠረት የመኖሪያ አካባቢ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል፤ የንግድ አካባቢ ቀን ከ65፣ ሌሊት ከ55፤ የኢንዱስትሪ አካባቢ ቀን ከ75፣ ሌሊት ከ70 ማለፍ የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሥራ ቦታው ለጤና ጠንቅ እንዳይሆን እርምጃ የመውሰድን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ የጎደለን ሕግ አይደለም። የጎደለን ሕጉ የሚነቃበት ሰዓት ነው። አሁን የሚነቃው ማሽኑ ከተተከለ፣ ሕንፃው ካለቀ፣ ጎረቤት ለወራት ከተጣላ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ባለሥልጣኑ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ መዝጋት ወይም ማለፍ። መዝጋት ስለሚከብድ ያልፋል።

ሰዓቱን ማስቀደም ይቻላል፤ አገሮች አድርገውታል። የአውሮፓ ኅብረት የማሽን መመሪያ ቁጥር 2006/42 በሥራ ቦታው ላይ ከ70 ዴሲቤል በላይ የሚያሰማ ማንኛውም ማሽን መጠኑ በመጠቀሚያ መጽሐፉ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ከ80 ካለፈ ደግሞ ማሽኑ በአጠቃላይ የሚያወጣው የድምፅ ኃይል ጭምር እንዲገለጽ ያዛል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ማሽን ይህን ቁጥር ይዞ መምጣት አለበት፤ ከሌላ አገር ለሚገዛም ቁጥሩን መጠየቅ ይቻላል። የእኛ ጨረታ ሰነዶች የኪሎ ቮልት አምፔሩን፣ የነዳጅ ፍጆታውንና የዋስትና ዘመኑን በዝርዝር ሲጠይቁ ይህን አንድ መስመር ይዘሉታል። በአሜሪካ የጠፈር ድርጅቱ ናሳና የሙያ ደኅንነት ተቋሙ ገዢዎች ጸጥ ያለውን ማሽን እንዲያስቀድሙ የሚያበረታታ አሠራር ዘርግተዋል። ምክንያታቸውም ቀላል ነው፤ ጥቂት ጨምሮ ጸጥ ያለውን መግዛት፣ የሚጮኸውን ገዝቶ በኋላ ከመሸፋፈን ይረክሳል።

በማን እንጀምር ለሚለው የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። በወፍጮ ቤቱና በምናለሽ ተራ መጀመር የለብንም። በባንኮች፣ በሆቴሎች፣ በሆስፒታሎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው መጀመር ያለብን። የሚገዙት በጨረታ ነው፤ መሐንዲስ አላቸው፤ የሕንፃ ፈቃድ ሲያወጡና ሲረካከቡ በመንግሥት እጅ ያልፋሉ። የማሽን ክፍሉ ንድፍ ላይ የአየር መግቢያውና መውጫው ድምፅ እንዴት እንደሚታፈን፣ ማሽኑ በምን ዓይነት ሞላ ላይ እንደሚቀመጥ ካልታየ ፈቃድ አይሰጥ። በርክክቡ ቀንም ሁሉም ማሽን ተነስቶ፣ ከጎረቤት አጥር ላይና በቅርቡ ካለው መኝታ ቤት ውስጥ ድምፁ ይለካ፤ ቁጥሩም በርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። መለኪያው በእጅ የሚያዝ ነው፤ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ለአነስተኛ ባለሙያዎች ደግሞ ከቅጣት በፊት እገዛ ይቅደም። ወረዳው የሚልከው ሰው የቅጣት ደረሰኝ ሳይሆን መለኪያ ይዞ ይሂድ፤ አዳራሹ ውስጥ ከአሥሩ ማሽኖች የትኛው ከሁሉ እንደሚብስ ለይቶ ያሳያቸው። ዘጠኙን ትተው ያንን አንዱን ቢያስተካክሉ ብዙ ያተርፋሉ፤ ትንሹን ማሽን ጸጥ ማድረግ ትልቁ እየጮኸ ምንም አይለውጥምና። በአብዛኛው ጊዜም ያ ማሽን የሚፈልገው አዲስ ኩሽኔታ፣ የተወጠረ ቺንጋ ወይም ያልተበሳ ማርሚታ ይሆናል፤ ባለቤቱ ለአንድ ሳምንት ገቢው ሳይሰጋ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።